የሰበሰብነውን ገንዘብ የት እናድርሰው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዓምድ በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው እርስ በርስ የማይተዋወቁ ቢሆኑም፣ ስለ አንድ ጉዳይ የሚናገሩ ሆነው አግኝተናቸዋል፤ ይኸውም ለወዳጅነት የተቋቋሙ ማኅበራዊ ክበቦች ቤት ለሌላቸው ሰዎች ስለሚያሰባስቡት ገንዘብ ነው። ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹንና የክበቦቹን ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ አርባ ያህል አባላት ያሉት የአንድ ማኅበራዊ ክበብ ጸሐፊ ነኝ። በወር አንድ ጊዜ እየተገናኘን እንጨዋወታለን፤ በሐዘንም በደስታም እንጠያየቃለን። ከስድስት ዓመት ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት እያደረግን፣ በምናገኘው ገንዘብ ብርድ ልብስና አልባሳት ገዝተን ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ሰዎች እናከፋፍላለን። ዘንድሮ በማከፋፈል ላይ ሳለን አንዲት አዛውንት አባላችን “ለዚህ ሰው አምናም ካቻምናም እዚሁ ቦታ ላይ ብርድ ልብስ ሰጥቼዋለሁ” ብለው አለቀሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብሰባችን ክርክር ብቻ ሆኗል። ከፊሎቻችን ገንዘቡን በሙሉ ለአንድ መጠለያ እንስጥ እንላለን፤ ከፊሎቻችን የለመድነውን ሥራ አንተውም እንላለን፤ ምንም ብናደርግ ለውጥ አይመጣም ብለው ተስፋ የቆረጡም አሉ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእኚያ እናት እንባ ከክርክራችሁ ሁሉ ይልቅ ጉዳዩን በትክክል አስቀምጦታል። ብርድ ልብሱ ስሕተት አልነበረም፤ በብርድ ሌሊት የሰው ሕይወት ያተርፋልና። ይሁን እንጂ ብርድ ልብስ የሚመልሰው “ይህ ሰው ዛሬ እንዴት ይደር?” የሚለውን ጥያቄ ነው፤ እርሳቸውን ያስለቀሳቸው ግን “ይህ ሰው ለምን እስካሁን እዚህ አለ?” የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ክበባችሁ ስድስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሲያሰባስብ የኖረው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። እኔ የምመክራችሁ ከእንግዲህ የገንዘባችሁን አብዛኛውን ክፍል ለሁለተኛው እንድታውሉት ነው።

በቅድሚያ መታየት ያለበት፣ ቤት አልባ የምንለው ሰው ጎዳና ላይ ተኝቶ የምናየው ብቻ አለመሆኑ ነው። በአውሮፓ ለቤት አልባ ሰዎች የሚሠሩ ድርጅቶች ኅብረት የሆነው ፌያንትሳ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው አመዳደብ መሠረት ቤት ማጣት አራት መልክ አለው፦ አንዳንዱ ሰው ጭራሹን ጣራ የለውም፤ አንዳንዱ በጊዜያዊ መጠለያ ወይም በሌላ ተቋም ውስጥ ስለሚያድር ጣራ እንጂ ቤት የለውም፤ ሌላው በዘመድ ወይም በጓደኛ ቤት ተጠግቶ፣ ወይም ነገ ውጣ እባላለሁ ብሎ እየሰጋ፣ ወይም አብሮት የሚኖረውን ሰው ዱላ እየፈራ ይኖራል፤ የቀረው ደግሞ ለሰው መኖሪያ በማይመች ስፍራ ተጨናንቆ ያድራል። ክበባችሁ እስካሁን የደረሰው ለመጀመሪያዎቹ ነው። ነገር ግን ጎዳና ላይ ያገኛችሁት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያ የወረደው በአንድ ሌሊት አይደለም፤ ሥራውን ካጣ ወይም ከታመመ በኋላ የቤት ኪራዩ ተወዝፎ፣ ከዚያ ወንድሙ ዘንድ ጥቂት ወር ተጠግቶ፣ ከዚያ ጓደኛው ዘንድ ጥቂት ሳምንት ሰንብቶ፣ በመጨረሻ የሚያንኳኳው በር ሲያጣ ነው። ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ የሚደርስለት ቢኖር ኖሮ፣ ለእናንተ ክበብ የማይከብድ ገንዘብ ቁልቁለቱን ሊያስቀረው ይችል ነበር።

ይህን የምለው ከምኞት ተነሥቼ አይደለም። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ፣ ከቤታቸው ሊወጡ የተቃረቡ ሰዎች እየደወሉ የአንድ ጊዜ የገንዘብ ድጋፍ የሚጠይቁበት የስልክ ማዕከል ተቋቁሞ ነበር፤ የድጋፉ ገንዘብ ግን አንድ ቀን ይኖራል፣ ሌላ ቀን ያልቃል። ተመራማሪዎች ገንዘብ በነበረበት ቀን የደወሉትን፣ ገንዘብ ባለቀበት ቀን ከደወሉና በሁኔታቸው ከሚመስሏቸው ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት በወጣው በዚህ ጥናት መሠረት፣ ገንዘብ በነበረበት ቀን የደወሉት በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ወደ መጠለያ የመግባታቸው ዕድል በ76 በመቶ ያነሰ ነበር። በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት የደወሉበት ቀን ብቻ መሆኑን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ አንዲት እናት ከልጆችዋ ጋር በቤትዋ የቀረችው፣ ሌላዋ ደግሞ የወጣችው፣ አንደኛዋ ከሌላዋ ተሽላ ሳይሆን ማክሰኞ ደውላ ረቡዕ ባለመደወልዋ ነው ማለት ነውና።

እንግዲህ ክበባችሁ አነስተኛ የአደጋ ጊዜ ገንዘብ ቢያቋቁም፣ ከዚህ ገንዘብ ውዝፍ ኪራይ ሊከፈል፣ አዲስ ቤት ለመከራየት የሚጠየቀው ቅድሚያ ክፍያ ሊሸፈን፣ ሥራ የተገኘለት ሰው የመጀመሪያ ደመወዙን እስኪቀበል የመጓጓዣ ወጪው ሊቻል፣ የጠፋ የመታወቂያ ወረቀት ሊወጣለት ይችላል። ወረቀቱን አትናቁት፤ መታወቂያ የሌለው ሰው ቤት ለመከራየትም ሆነ ሥራ ለመያዝ ይቸገራል፤ የመንገድ ላይ ኑሮ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነጥቀው ወረቀትን ነው። ተረጂዎቹን ራሳችሁ እየዞራችሁ ከመፈለግ ይልቅ በየዕለቱ ከሚያገኟቸው ጋር ተስማሙ፤ የትምህርት ቤት መምህራን፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ የመጠለያ ኃላፊዎችና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች የማን ቤት እየፈረሰ እንደሆነ ከማንም በፊት ያውቃሉ። ውሳኔውን ለወርኃዊው ስብሰባ አታቆዩት፤ ከቤት ውጣ የተባለ ሰው ወር አይጠብቅምና፣ ሦስት አባላት ተመርጠው በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ የሚወስኑበት ሥልጣን ይኑራቸው። ኪራዩ በቀጥታ ለአከራዩ ቢከፈል መልካም ነው፤ ከመክፈላችሁ በፊት ግን “በሚቀጥለው ወርስ ከምን ይከፍሉታል?” ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። መልስ የሌለው ከሆነ አንድ ወር ብቻ መግዛታችሁ ስለሆነ፣ ረከስ ያለ ቤት በመፈለግ ወይም ከዘመድ ጋር በማስታረቅ መርዳቱ ሊበልጥ ይችላል።

ይህ ሁሉ ገና ለሚወድቁት ነው፤ እኚያ እናት ሦስት ዓመት በተከታታይ ብርድ ልብስ የሰጡት ሰው ግን ከሌላው ወገን ነው። ዴኒስ ከልሄንና ራንዳል ኩን የተባሉ ተመራማሪዎች የኒው ዮርክንና የፊላደልፊያን መጠለያዎች መዝገብ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመጠለያው ተጠቃሚዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል ለአጭር ጊዜ ገብተው የሚወጡ ሲሆኑ፣ አሥር በመቶ ያህሉ ግን ለረጅም ጊዜ የሚቆዩና ከጠቅላላው አዳር ግማሽ ያህሉን የሚይዙ መሆናቸውን አሳይተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በአእምሮ ሕመም፣ በሱስ ወይም በአካል ጉዳት የሚሠቃዩ ናቸው። ለረጅም ዘመን ለእነርሱ ይባል የነበረው “መጀመሪያ ሱሱን ይተው፣ መድኃኒቱን ይውሰድ፣ ከዚያ ቤት እንሰጠዋለን” ነበር። ሳም ጼምበሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ዮርክ በመሠረተው ድርጅት ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው፤ ቤቱን አስቀድሞ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ፣ ሕክምናውንና ምክሩን ደግሞ ሰውየው በፈቀደው መጠን አስከትሎ መስጠት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመው ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በኋላ በዚህ መንገድ ቤት ከገቡት 88 በመቶው በቤታቸው ሲገኙ፣ በቀድሞው መንገድ ከሄዱት የተገኙት 47 በመቶ ነበሩ። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ይህን አሠራር የአገሪቱ መመሪያ አድርጋ የቀድሞ መጠለያዎችን እየለወጠች የየራሳቸው በር ወዳላቸው መኖሪያዎች ቀይራለች፤ የቤት አልባዎቿም ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል።

ክበባችሁ ቤት መሥራት አይችልም፤ እንዲሠራም የሚጠብቅበት የለም። ባዶ ክፍል ግን ቤት አይሆንም። ዓመታትን ውጭ ያሳለፈ ሰው ቁልፍ ሲረከብ ፍራሽ፣ ድስት፣ መብራት፣ መጋረጃ፣ የበር ቁልፍ መለዋወጫ ሳይቀር የለውም፤ ይህን ማሟላት የሰፊ ድርጅቶች በጀት የሚዘነጋው፣ የእናንተ አቅም ግን በትክክል የሚመጥነው ሥራ ነው። ከዚያም በኋላ ሌላ ነገር ይመጣል፤ እርሱም ዝምታው ነው። መንገድ ላይ የነበረው ኑሮ ከፋም ለማም ሰው የሞላበት ነበር፤ በአዲሱ ክፍል ውስጥ ግን የሚያናግረው ግድግዳ ብቻ ነው። ቤት አግኝተው ወደ ጎዳና የሚመለሱ ሰዎች አንዱ ምክንያት ይህ ብቸኝነት ነው። አርባ ሰዎች በየወሩ ሳያቋርጡ የሚገናኙበት፣ ስም እየተጠራሩ የቀረውን “ምን ሆኖ ቀረ?” ብለው የሚጠይቁበት ክበብ፣ ለዚህ ብቸኝነት ማንም መሥሪያ ቤት የማያመርተው መድኃኒት በእጁ አለ። ገንዘባችሁ ካልቻለው ይልቅ ልማዳችሁ ይችለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም የታወቀው ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1905 በቺካጎ ሲመሠረት፣ ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃና ጥቂት ባልንጀሮቹ በየተራ በአንዳቸው መሥሪያ ቤት እየተገናኙ የሚወዳጁበት ክበብ ብቻ ነበር፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ መፈራረቅ ነው። ክበቡ ፊቱን ወደ ውጭ ሲመልስ ካከናወናቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ በከተማይቱ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲቋቋም ማድረግ ነበር። ገንዘብ አሰባስቦ የሚሰጥ ክበብ ከተማውን የሚያስተዳድሩትን ሰዎችም መጠየቅ ይችላል፤ መጸዳጃና መታጠቢያ የሌለው ሰው ንጹሕ ልብስ ብትሰጡት የት ሄዶ ይለብሰዋል?

ብርድ ልብሱንም ጨርሳችሁ አትተዉት፤ ጥቂቱን ለብርዱ ወራት አስቀምጡና በየሌሊቱ እየዞሩ የሚያዩአቸው ሰዎች እንዲያድሉት ስጡ። ሁሉንም ከመጀመራችሁ በፊት ግን እኚያ እናት ከአንድ ሌላ አባል ጋር ወደዚያ ሰው ይመለሱ፤ ምንም ሳይዙ ይሂዱ፤ ስሙን ይጠይቁት፤ ከዚያም የሚያስፈልገውን እርሱ ይንገራቸው። ስድስት ዓመት ስታከፋፍሉ ይህን የጠየቀው እንዳለ በደብዳቤዎ አልገለጹልኝም።

ጥያቄ፦ የክበባችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። ባለፈው ዝግጅታችን ከትኬት ሽያጭና ከጨረታ የተገኘውን ገንዘብ ስንናገር ሁሉም አጨበጨበ፤ ሆኖም ለአዳራሽ፣ ለመስተንግዶና ለድምፅ ማጉያ የወጣው ከሲሦ በላይ ወስዶታል። ይህን ለአባላት ልንገር ብል ሰብሳቢው “ሰው ተስፋ ይቆርጣል፣ ተወው” አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይንገሯቸው፤ ከሰብሳቢው ጋር አስቀድመው በግል ተነጋግረው፣ ነገር ግን ሳይዘገዩ ይንገሯቸው። ትኬት የገዛው ሰው ገንዘቡን የሰጠው ቤት ለሌለው ሰው ይደርሳል ብሎ ስለሆነ፣ ምን ያህሉ እንደ ደረሰና ምን ያህሉ በመንገድ እንደ ቀረ የማወቅ መብት አለው። ወጪ መኖሩ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የተሰበሰበውን ጠቅላላ ገንዘብ ተናግሮ የተረፈውን መሸፈን ነው።

ለወደፊቱ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ እንዲገቡ የምመክራቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ከሁሉ በፊት ለክበቡ መዝናኛና ለእርዳታው ሁለት የተለያዩ የባንክ ሒሳቦች ይኑሯችሁ፤ አባላት ለራሳቸው መገናኛ የሚያዋጡት መዋጮ ከእርዳታው ገንዘብ ጋር በአንድ ቋት ከገባ፣ ቅን ሰው ሳይቀር መቼ ከየትኛው እንደወሰደ መለየት ይሳነዋል። ገንዘብ ሲወጣ ሁለት ፊርማ ይጠየቅ፤ ፈራሚዎቹም ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች አይሁኑ። ለገባውም ለወጣውም ደረሰኝ ይቀመጥ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ከአመራሩ ውጭ ያለ አባል መዝገቡን ይመርምር። የተረጂዎች ስም ግን ለአባላት በሚነበበው ሪፖርት ውስጥ አይግባ፤ “ለአንድ አምስት ቤተሰብ ላለው ሰው ውዝፍ ኪራይ” የሚል በቂ ነው።

የዝግጅቱን ወጪ በተመለከተ የእኔ አስተያየት፣ አባላት ራሳቸው መስተንግዶውን ከኪሳቸው ችለው፣ ከትኬቱ የሚገኘው ሳይሸራረፍ ለተረጂው እንዲሄድ ማድረጉ እጅግ የተሻለ ነው የሚል ነው። ዝግጅት ከማድረግ ይልቅ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ማዋጣቱም አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሚመጣውን ገንዘብ አስቀድሞ ማወቅ ስለሚቻል፣ ለአንድ ሰው “ስድስት ወር ከጎንህ ነን” ብሎ ቃል መግባት ይቻላል። በዓመት አንድ ጊዜ በሚደረግ ዝግጅት ላይ የተመሠረተ ክበብ ይህን ቃል መግባት አይችልም።

ጥያቄ፦ ወጣት አባል ነኝ። ለአንድ ቤት አልባ ሰው ገንዘቡን በእጁ ብንሰጠውና ራሱ ቢወስን ምን ችግር አለው ብዬ ብጠይቅ፣ ትልልቆቹ “ጠጥቶ ያጠፋዋል” ብለው አፌን አስያዙኝ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ጥያቄህ መልስ የሚገባው ነበር። በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ በቅርብ ጊዜ ቤት ላጡ 50 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 7,500 የካናዳ ዶላር በአንድ ጊዜ ተሰጥቷቸው፣ ገንዘቡ ካልተሰጣቸው 65 ሰዎች ጋር ለአንድ ዓመት ተነጻጽረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ውጤት መሠረት ገንዘቡን የተቀበሉት ካልተቀበሉት ይልቅ ያለ ቤት ያሳለፉት ጊዜ በአማካይ በ99 ቀን ያነሰ ሲሆን፣ ለመጠጥ፣ ለሲጋራና ለአደንዛዥ ዕፅ ያወጡት ገንዘብ አልጨመረም። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ተቃራኒውን ነው።

ታማኝ ለመሆን ያህል ግን ሁለት ነገር ልብ በል። ጥናቱ ከባድ የሱስና የአእምሮ ጤና ችግር ያለባቸውን ሰዎች አላካተተም፤ ስለዚህ ለሁሉም ሰው ይሠራል ማለት አይቻልም። ደግሞም የተሰጠው ገንዘብ የቤት ኪራይ ለመክፈልና ኑሮ ለመጀመር የሚበቃ እንጂ የአንድ ቀን ምጽዋት አልነበረም። ትልልቆቻችሁን ስትመልስ ይህን ሁለቱንም አንሣ፤ አንድ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሰዎች እንሞክረውና ውጤቱን አብረን እንየው ብለህም ሐሳብ አቅርብ። “ያጠፋዋል” የሚለው ፍርድ አንድን ሰው ሳያውቁት የሚሰጥ ፍርድ ስለሆነ፣ ክበቡ ውስጥ ሊነሣና ሊመረመር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ስናከፋፍል የተነሣናቸውን ፎቶግራፎች ካላሳየን ሰው ገንዘብ አይሰጠንም። ማሳየታችን ጥፋት ነው?

መልስ፦ ፊቱ የሚታይ ሰው ካለበት፣ አዎን፣ ጥፋት ነው። ብርድ ልብስ ለመቀበል እጁን የዘረጋ ሰው “ፎቶ ላንሣዎት?” ቢባል እምቢ ለማለት ነጻነት የለውም፤ እምቢ ቢል ብርድ ልብሱ የሚቀርበት ይመስለዋልና። ፈቃዱን ሰጥቶ ቢሆን እንኳ ነገ ሥራ ሲጠይቅ ቀጣሪው፣ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የልጆቹ ጓደኞች ያንን ምስል ያገኙታል። ከጥቃት ሸሽታ የወጣች ሴት ከሆነችማ ያለችበትን ቦታ ለአሳዳጅዋ መንገር ነው። የገዛችሁትን ፍራሽ፣ የከፈላችሁትን ደረሰኝ፣ ያደሳችሁትን በር አሳዩ። ለጋሾቻችሁም የሚቆጠር ነገር ሲያዩ ይበልጥ ያምኗችኋል።

ጥያቄ፦ ይህን የምጽፈው ከጊዜያዊ መጠለያ ነው። አናጢ ነበርኩ፤ ታምሜ ሥራዬ ሲቆም ትዳሬም ቤቴም አብረው ሄዱ። ወደምንኖርበት መጠለያ በየዓመቱ ክበቦች ይመጣሉ፤ አመሰግናለሁ እላለሁ፤ እጄን እንጂ ፊቴን የሚያይ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ዘንድሮ የአንዱ ክበብ ሰዎች ግን ሙያዬን ጠይቀውኝ የስብሰባ አዳራሻቸውን ወንበሮች እንድጠግን ሰጡኝ፤ ዋጋዬንም ከፈሉኝ። ሥራውን ስጨርስ እዚያው ቁጭ ብዬ ጨዋታቸውን ስሰማ ዋልኩ። አባል ልሁን ብላቸው መዋጮውን ከየት አመጣለሁ? ቢያፍሩብኝስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የሚያሳፍር ነገር ካለ እርስዎ ዘንድ አይደለም። ብዙ ክበብ ስለ ቤት አልባ ሰዎች ይነጋገራል እንጂ ከእነርሱ ጋር አይነጋገርም፤ እርስዎ አባል ቢሆኑ ያ ክበብ ከእንግዲህ ምን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ መገመት አይኖርበትም።

የተረጂውና የረጂው ቦታ መለዋወጥ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 በፈረንሳይ የተጀመረው የኤማዩስ እንቅስቃሴ መነሻው፣ ከእስር ወጥቶ ሕይወቱን ሊያጠፋ ሞክሮ የነበረ አንድ ሰው፣ አቤ ፒዬር በተባለው ቄስ ለቤት አልባ ቤተሰቦች ቤት በመሥራት እንዲያግዘው መጠየቁ ነው። ቄሱ ለሰውየው ምንም የሚሰጠው አልነበረም፤ የጠየቀው እንዲረዳው ነበር። በኤማዩስ ማኅበረሰቦች ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ያገለገሉ ዕቃዎችን ሰብስበው፣ ጠግነውና ሸጠው በሥራቸው ይተዳደራሉ። ይህን ስናገር መሸፈን የማይገባኝም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 እንቅስቃሴው ራሱ መሥራቹ በሴቶች ላይ ፈጽሟቸዋል የተባሉ ጾታዊ ጥቃቶችን የሚመለከቱ ምስክርነቶችን ይፋ አድርጓል። የሥራው ሐሳብ መልካም መሆኑ የማንንም በደል አያቀልም። ለክበቦችም እዚህ ላይ ግልጽ ነገር ልናገር፦ ችግር ላይ ያለን ሰው የሚጎበኝ አባል ብቻውን አይሂድ፤ የተረጂው ቅሬታ ከዚያ አባል ውጭ ለሌላ ሰው የሚቀርብበት መንገድ ይኑር፤ ስመ ጥር አባልም ከዚህ ደንብ ነጻ አይሁን።

መዋጮውን በተመለከተ፣ እንደ ውለታ እንዲቀርልዎት አይጠይቁ፤ ክበቡም እንደ ውለታ አያድርገው። “ማንኛውም አባል እንደ አቅሙ ያዋጣል፤ የሚያዋጣውንም መጠን ገንዘብ ያዡ ብቻ ያውቃል” የሚል አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ ቢገባ፣ እርስዎም ሌላውም በእኩል ይቀመጣሉ። የሙያ ሥራዎን ግን በመዋጮ ፈንታ በነጻ እንዲሰጡ አልመክርዎትም፤ ዋጋ ከፍለውዎታል፣ ይህ ልማድ ይቀጥል። ቤት የሚገኘው በደመወዝ ነውና፣ የክበቡ አባላት እያንዳንዳቸው ወንበር የሚጠግን ሰው የሚፈልጉ ዘመዶችና ጎረቤቶች አሏቸው፤ ስምዎን ይንገሩላቸው።

ሰብሳቢውን በቀጣዩ ስብሰባ ዕለት ሳይሆን ከዚያ በፊት ብቻቸውን ያግኟቸውና ለእኔ የጻፉልኝን ይንገሯቸው። በተጨማሪም አንድ ፈቃድ እለምንዎታለሁ፤ በዚህ ዓምድ መጀመሪያ ላይ የጻፉልን ጸሐፊ ስለ ብርድ ልብሱ ክርክር ገና አልጨረሱም፤ ደብዳቤዎን ስምዎንና ያሉበትን ስፍራ አጥፍቼ ልልክላቸው እወዳለሁ። ከፈቀዱልኝ በሁለት መስመር ይጻፉልኝ።